ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ እጥበት

አምቦ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ለአጎቴ ልጅ፣ ለወንድሜ ለቀንዓ፤

የጌታ ሰላም ካንተ ጋር ይሁን። ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔም፣ ታናሼ ኢፋም፣ የአምቦ ዘመድ ሁሉ ካንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነን።

የነሐሴው ደብዳቤህ ደርሶኝ በማኅደርህ ውስጥ አሥራ ሰባተኛ ሆኖ ገብቷል። አትሳቅ። ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራች ሴት የወንድሟንም ደብዳቤ ቁጥር ሳትሰጥ አታስቀምጥም። ደግሞም በስልክ «ደህና ነኝ» ብለህ ትዘጋለህ፤ በደብዳቤ ግን ቢያንስ አንድ ገጽ መሙላት ግድ ነው።

አንብቤው አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። «ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ እጥበት ስለሆንኩ ስልክ አላነሳም» ብለሃል። ምን እንደምታጥብ አልጻፍክም። መኪና ነው? ሳህን ነው? የመጋዘኑን ሥራ መቼ ለቀቅህ? እኔ ቤት ተቀምጠህ ስትማር የበላህበትን ሳህን አንድ ቀን አጥበህ አታውቅም፤ ጀርመኖች እንዴት አድርገው አስተማሩህ?

ፎቶህ ቆንጆ ነው፤ ግን ከስተሃል። ግራ ክንድህ ላይ ደግሞ ከቆዳህ ሥር ገመድ የተቀበረ የሚመስል እብጠት አየሁ። ምን ሆነህ ነው?

ኢፋ አሁንም ደጋ፣ ጎጆ ከተማ ያስተምራል። የጎጆ ብርድ አልተስማማውም መሰለኝ፣ ጠዋት ጠዋት ፊቱና እግሩ ያብጣል። አርባ ሁለት ቁጥር ጫማው አልገባ ብሎት በሸበጥ ክፍል መግባት ጀምሯል፤ ለመምህር ነውር ነው። የሚመጣ ሰው ስታገኝ አርባ አራት ቁጥር ጥቁር ጫማ ብትልክለት ሌላ አልጠይቅህም።

ጌታ ይጠብቅህ።

እህትህ ደስታነሽ


ብሬመን፣ ኅዳር 9 ቀን 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርሽ ለእትዬ ደስታነሽ፤

እንደምን ከረምሽ? እኔ ካንቺና ከኢፋ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ጫማውን አልልክም። ብትቆጪም ተቆጪ፣ ግን መጀመሪያ ኢፋን ከጎጆ አውርጂውና አስመርምሪው። ብርድ ፊትና እግር አያሳብጥም። ግፊቱን ይለኩት፤ ሽንቱንና ደሙን ይዩለት። ደሙ ላይ ክሬአቲኒን የሚባል ነገር አለ፣ ቃሉን በወረቀት ጽፈሽ ለሐኪሙ አሳዪው። ሽንቱ አረፋ ይበዛው እንደሆነም ጠይቂው። ያፍርሻል፤ ቢሆንም ጠይቂው። እስከ ገና ይቆይ እንዳትዪ፣ በዚህ ሳምንት ይሁን። ለምርመራውና ለመኪናው መቶ ሃምሳ ዩሮ በባንክ ልኬአለሁ።

ስለ እጥበቱ ለጠየቅሽኝ፣ የሚያጥበው ማሽን ነው። የእኔ ድርሻ አጠገቡ አራት ሰዓት ተኩል መቀመጥ ነው። ጠዋት ታክሲ ደጄ ድረስ መጥቶ ይወስደኛል፣ ሲያልቅ ይመልሰኛል፤ ሒሳቡን እኔ አልከፍልም። ክንዴ ላይ ያየሽውም ከዚሁ ከእጥበቱ የመጣ ነው። አያምም።

ውጤቱን ቶሎ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ቀንዓ


አምቦ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለቀንዓ፤

የጌታ ሰላም ይብዛልህ። የተለመደውን ሰላምታ ዛሬ እዘለዋለሁ።

ጫማ ስለከለከልከኝ ሦስት ቀን ተቀይሜህ ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን ጎጆ ወጥቼ ኢፋን አመጣሁት። የጻፍክልኝን ቃል ለሐኪሙ ሳሳየው «ማን ነው ይህን የጻፈልሽ?» አለኝ። «ጀርመን አገር መኪና የሚያጥብ ወንድሜ» አልኩት። (ታክሲ የሚያመላልሰው አጣቢ አይተን ባናውቅም፣ ማሽን የሚያጥበው መኪና መሆን አለበት ብለን እዚህ ወስነናል።) ሐኪሙ ወረቀቱንም እኔንም ደጋግሞ አየና ደሙን እንዲቀዱት አዘዘ። ደሙ ከተመረመረ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ላኩን።

ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል። ዳያሊሲስ የሚባል ነገር በሳምንት ሁለት ጊዜ ካላደረገ አይቆይም አሉን። አንዱ ጊዜ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር ነው። የኢፋ የወር ደመወዝ ለሁለት ጊዜ አይበቃም። የእኔን ጨምረህ ቁጠረው፤ ወሩ አጋማሽ ሳይደርስ ያልቃል። ይኸውልህ፣ ከጫማ ተነስቼ እዚህ ደረስኩ።

ኢፋን «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ነጉማ፣ ደህና ነኝ» ይላል። ይባስ ብሎ «የማልሠራበትን ደመወዝ አልበላም» ብሎ በገዛ ፈቃዱ ሥራ መልቀቁን ጽፎ ለርዕሰ መምህሩ ለኦቦ ፈዬራ ሰጥቶ መጥቷል። እኔም አልከለከልኩትም።

አሁን ያንተን ነገር እናውራ። የምትሠራው ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ ብቻ ከሆነ ማክሰኞና ሐሙስ ምን ትሆናለህ? ቅዳሜስ? ለአንድ ዓመት ብቻ እነዚህንም ቀኖች ጨምረህ እጠብ። ለኢፋ ነው።

እህትህ ደስታነሽ


ብሬመን፣ የካቲት 3 ቀን 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ደስታነሽ፤

እንደምን አለሽ? ኢፋስ እንዴት ነው? እኔ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ።

ሦስት መቶ ዩሮ ልኬአለሁ። ለአራት ጊዜ ይሆናል። ከዚህ በላይ የለኝም። ማክሰኞና ሐሙስ እተኛለሁ፤ ሥራ መጨመር አልችልም። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ከገንዘቡ የሚበልጥ ነገር ልንገርሽ። ያን የኢፋን የመልቀቂያ ደብዳቤ ቁጥር ሳያገኝ አውጪው! እዚህ የማውቀው አንድ ያገራችን ሰው ታሞ «ሸክም አልሆንም» ብሎ በገዛ እጁ ፈርሞ ሥራ ለቀቀ። በኋላ የአካል ጉዳተኛ አበሉን ለማስከበር ሁለት ዓመት ከቢሮ ቢሮ ዞረ። በሕመም ከሥራ የተሰናበተና ፈቅዶ የለቀቀ አንድ እንዳልሆነ ካንቺ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም፤ የሌላ ሰው መዝገብ ቢሆን ኖሮ ገና ስታዪው ትጮሂ ነበር። የሕመም ፈቃዱን ይጠይቅ፣ ከዚያ የሕክምና ቦርድ ይቅረብ። ምጽዋት አይደለም፤ አሥራ ሦስት ዓመት ለጡረታ ከደመወዙ ሲቆረጥ የኖረ ነው።

ሙዝና ብርቱካን አይብላ። ድንች ቢያምረው ተልጦ፣ ተቆርጦ፣ ውኃው ሁለት ጊዜ ተደፍቶ ይቀቀልለት። ጠዋት ጠዋት ይመዘን። ውኃ በኩባያ ለክተሽ ስጪው፤ ሲጠማው አፉን ይጉመጥመጥ ወይም በረዶ ይምጠጥ። ግራ እጁ ላይ ደም አይቅዱበት፣ ግፊትም አይለኩበት። ያ ክንድ ለኋላ ያስፈልገዋል።

ወንድምሽ ቀንዓ


አምቦ፣ መጋቢት 28 ቀን 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለቀንዓ፤

ሰላም ላንተ ይሁን።

ስለ ደብዳቤው ልክ ነህ። የሰው መዝገብ ሳቃና ኖሬ የራሴ ቤት ሲሆን ዓይኔ ጠፋ። ጎጆ ሄጄ ኦቦ ፈዬራ ፊት ቆምኩ። መሳቢያውን ከፍቶ ደብዳቤውን አወጣልኝ። ማኅተምም ቁጥርም የለውም። «ሰው በታመመ ሰሞን የጻፈውን እስኪሻለው አላየውም» አለኝ። ጌታ ዕድሜውን ያርዝመው። ሦስት ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ሦስት ወር በግማሽ የሕመም ፈቃድ ተጽፎለታል፤ የቦርዱንም ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ቦርዱ ሥራ አይችልም ካለ የጤና ጉድለት አበል ይወጣለታል።

እዚህ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ሰብሳቢው ጎረቤታችን ጋሽ ብዙነህ ናቸው። መምህራኑ በየወሩ ከደመወዛቸው ያስቆርጣሉ። ቤተ ክርስቲያን ሁለት እሑድ መባ ሰብስባለች። የባጃጅ ሾፌሮች የአንድ ቅዳሜ ገቢያቸውን ለኢፋ ሰጡ፤ የማያውቁት ሰው ነው። እስከ ክረምት ያደርሰን ይሆናል።

ከዚያ ወዲያ መፍትሔው ንቅለ ተከላ ነው ይላሉ፣ እሱም ህንድ አገር። ኩላሊቱ አለ፤ ተመርምሬ ከኢፋ ጋር ተስማምቷል፣ አንዱን እሰጠዋለሁ። የሌለው ግማሽ ሚሊዮን ብር ነው። ከዚያ አገር ባንክ ተበደር። ቤት ካለህ አስይዝ።

«ማክሰኞ እተኛለሁ» ያልከውን ለኢፋ አላነበብኩለትም። አፈርኩ። አንተን ከጎጆ በስምንት ዓመትህ ተቀብዬ፣ ከኢፋ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ አስተኝቼ ነው ያሳደግሁህ። እሱ ሲሞት የሚተኛ ሰው ያሳደግሁ አይመስለኝም ነበር።

ደስታነሽ


አምቦ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄም ለወንድሜም ለቀንዓ፤

ከሦስት ወር በላይ መልስ አጣሁ። ተቀይመህ ነው ብዬ እኔም ተኮሳትሬ ተቀመጥኩ። ያለፈው አርብ ግን ሌላ ነገር ሆነ።

ኢፋን ይዤ አዲስ አበባ ስሄድ ሁልጊዜ ውጭ አግዳሚ ላይ ነበር የምጠብቀው። አርብ ዕለት ደከም ስላለው አጠገቡ እንድሆን አስገቡኝ። ለንሳ የምትባል ነርስ አለች፤ የጉደር ልጅ ናት፣ አምቦዎች መሆናችንን ካወቀች ወዲህ ትቀልድብናለች። ማሽኑን እያስተካከለች «የሚቀጥለው እጥበቱ ማክሰኞ ነው፣ እንዳትቀሩ» አለችኝ።

«የምን እጥበት?» አልኳት።

«ይኸው ነዋ እማማ። ዳያሊሲስ በአማርኛ እጥበት ነው። ደሙ ወጥቶ ይታጠብና ይመለሳል።»

ስድስት ወር ሙሉ ሐኪሙም እኛም ዳያሊሲስ ስንል ከርመናል፤ ይህን ቃል አንድ ሰው አልነገረኝም። «የሚያጥበው ማሽኑ ነው?» አልኳት። ማሽኑ ነው አለች። «ጀርመን አገርስ በሳምንት ስንት ቀን ነው?» አልኳት። ሳቀችብኝ። «እዚያማ ሦስት ነው። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ አርብ፤ አለበለዚያ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ።» ከዚያ የኢፋን ግራ እጅጌ ጠቅልላ ከቆዳው ሥር ያደገውን ነገር አሳየችኝ። መርፌው የሚገባው በዚህ ነው አለች። ገመድ የተቀበረ ይመስላል።

ያን ፎቶ ከቦርሳዬ አውጥቼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ኢፋ «ምን ሆንሽ?» አለኝ። «ነጉማ» አልኩት። ደህና ነኝ ማለት የዘራችን በሽታ ነው። ከዚያ አለቀስኩ፤ ማልቀሴን ለምን እደብቅሃለሁ? ሰው ሁሉ በኢፋ ያለቀስኩ መስሎት ሲያጽናናኝ ዋለ።

ስለ ማክሰኞ የጻፍኩትን ከማኅደሩ አውጣው። ቅደደው። እኔ በሕይወቴ ወረቀት ቅደድ ስል ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ በአንድ ቃል መልስ። የምታጥበው መኪና ነው?

ደስታነሽ


ብሬመን፣ ነሐሴ 14 ቀን 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ፤

አይደለም።

በእጥበት አምስተኛ ዓመቴ ነው። በግፊት ጀመረኝ፣ እኔም እንደ ኢፋ ጫማ ጠበበኝ። «የማውቀው ሰው» ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ሸክም አልሆንም ብዬ ፈርሜ የለቀቅሁት መጋዘኑን ነው። የላክሁልሽ ገንዘብ ከአበሌ የተረፈ ነበር። ማክሰኞ የምተኛው ሰኞ የታጠበ ሰው ማክሰኞ ጉልበት ስለሌለው ነው፤ ኢፋን ጠይቂው፣ ይነግርሻል። መልስ ያዘገየሁት በቅያሜ አይደለም፤ ክንዴ መርዞብኝ ሆስፒታል ከረምኩ። ሆኖም ደብዳቤሽን እዚያው አልጋ ላይ አምስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ አመመኝም። አልቀደድኩትም፤ ካንቺ የመጣ ነው።

እዚህ የአካል ጉዳተኛ መታወቂያ ሰጥተውኛል። ጉዳቱን በቁጥር ነው የሚጽፉት፤ የእኔ መቶ ይላል። በሒሳብ አርባ ስመጣ ስትገርፊኝ የነበርሽው ሴት፣ ይኸው መቶ አገኘሁ። መጀመሪያ ሳየው አፍሬ ኪሴ ውስጥ ደበቅሁት። አሁን አውቶቡስ ላይ አሳየዋለሁ። ወረቀቱ እኔን አላሳነሰኝም፤ ያሳነሰኝ በጊዜው አለመጠየቄ ነው። ለኢፋ ይህን ንገሪልኝ።

ለምን እንደደበቅሁሽ ታውቂያለሽ። ብነግርሽ በማግሥቱ ኩላሊትሽን ይዘሽ ኤምባሲ ደጃፍ እንደምትገኚ አውቃለሁ። አንቺ ደግሞ እኔን አንዴ አሳድገሻል፤ ሁለተኛ ማስከፈል አልፈለግሁም።

ተመልከቺ እንግዲህ የኛን ነገር። እዚህ ቀዶ ሕክምናውን፣ መድኃኒቱን፣ ታክሲውን ሳይቀር የጤና መድኑ ይከፍላል፤ ኩላሊት ግን ወረፋው ስምንት ዓመት ነው። አንቺ ጋ ኩላሊት አለ፣ ገንዘብ የለም። እኔ ጋ የሚከፍል አለ፣ ኩላሊት የለም።

ቀንዓ


አምቦ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለአቶ ቀንዓ
ብሬመን

ጉዳዩ፦ ኩላሊት ስለመስጠት

በደብዳቤህ መጨረሻ የጻፍከውን ለኢፋ አነበብኩለት። ሰምቶኝ ሲጨርስ «ታዲያ ለቀንዓ ስጪዋ» አለ። እኔ የቀለደ መስሎኝ ነበር። «ለእኔ ግማሽ ሚሊዮን እስኪሞላ ኩላሊትሽም እኔም እናረጃለን። እሱ ጋ ነገ መጠቀም ይቻላል። ሁለታችንም ከምንቀር አንዳችን እንዳን» አለኝ። ሒሳብ መምህር ነው፤ ወንድሙን እንኳ ሲያስብ በሒሳብ ነው። ቆጣ ብዬ ወጣሁ፣ ጓሮ ዞርኩ፣ ተመልሼ ገባሁ። ሒሳቡን ስደግመው እውነቱን ነው።

ስለዚህ የደም ዓይነትህን (የእኔ ኦ ነው)፣ ሐኪምህ የሚፈልገውን ወረቀት ዝርዝርና የአጎት ልጅ መስጠት መቻል አለመቻሉን በዚህ ሳምንት ጻፍልኝ። ቀበሌው ዝምድናችንን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጽፍልኛል፤ ጸሐፊውን እኔ ነኝ ሥራ ያስለመድኩት።

ለማኅደርህ እንዲሆን፦ ቦርዱ ወስኗል፣ የኢፋ የጤና ጉድለት አበል ከዚህ ወር ጀምሮ ይከፈለዋል። ለመፈረም አመንትቶ ነበር፤ ያንተን መቶ ነግሬው ሳቀና ፈረመ። ኮሚቴው ሌላ ስድስት ወር ሊቀጥል ቃል ገብቷል። እግሩና ፊቱ ጎድሏል፤ አርባ ሁለት ቁጥር ጫማው እንደ ድሮው ገብቶለታል። አዲስ አበባም ወደፊት ንቅለ ተከላ ይጀመራል የሚል ወሬ አለ። መቼ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ግን አላገኘሁም።

በመጨረሻም፣ «ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ» የሚል ደብዳቤ ካንተ ቢመጣ ከዛሬ ጀምሮ ገቢ አላደርግም። ፖስታውን እንደታሸገ እመልሰዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደስታነሽ


ብሬመን፣ ኅዳር 22 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ ደስታነሽ፤

አካም ጅርታ? እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከናንተ ናፍቆትና ከሁለቱ ኩላሊቶቼ በስተቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ይህኛው ገቢ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

ሐኪሜን ጠየቅሁት። የአጎት ልጅ ይችላል፤ ደማችንም አይጣላም አለ። ይህን የምጽፍልሽ ሁለተኛ ስለማልደብቅሽ ነው። ኩላሊትሽን ግን አልወስድም።

ለኢፋ ሒሳቡ አንድ ነገር እንደጎደለው ንገሪው። አበሉም፣ ታክሲውም፣ ያ መቶ የሚለው ወረቀትም ለምን እንደሚሰጡኝ አሁን ነው የገባኝ። ወረፋዬን እንድጠብቅ ነው። ሦስት ዓመት ቀረኝ ቢሉኝ ሦስት ዓመት እጠብቃለሁ፤ ሰኞ ስሄድ ማሽኑ አለ፣ የሚከፍል አለ። የኢፋ መጠበቂያ ግን የባጃጅ ልጆች ቅዳሜ ነው። ኩላሊቱ መጠበቅ ለማይችለው ይቀመጥለት። የአዲስ አበባው ወሬ እውነት የሆነ ዕለት ያንቺ እዚያው፣ አጠገቡ መገኘት አለበት።

እሺ እንደማትዪ አውቃለሁ። ሁለት ወንድ በአንዲት ሴት ኩላሊት ሲከራከር እሷን የጠየቀ የለም ትያለሽ። እውነትሽን ነው። ወስነሽ ጻፊልኝ፤ ግን እኔ የማልፈርምበት ወረቀት ከንቱ መሆኑን መዝገብ ቤት አስተምሮሻል።

አንድ ዕዳ ነበረብኝ። ከብሬመን ቤተ ክርስቲያን የምትመጣ ደስታነሽ የምትባል ሞክሼሽ አለች፤ ለገና አምቦ ትደርሳለች። ጥቁር ጫማ ልኬባታለሁ፣ አርባ ሁለት ቁጥር። ኢፋ ጠዋት ጠዋት ይሞክረው። አንድ ቀን ጠቦኛል ካለ ሌላ ቁጥር አትጠይቂኝ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰጂው።

ወንድምሽ ቀንዓ